ታክሲው ለምን ፈላ? አየርላንድ ለኤልጂቢቲአይ ወጣቶቿ ያደረገችው

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ! የዛሬው ጉዳይ ብዙዎቻችንን ይከብደናል፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። አንድ መንግሥት ለኤልጂቢቲአይ ወጣቶች (ተመሳሳይ ፆታን ወይም ሁለቱንም ፆታ ለሚያፈቅሩ፣ ሲወለዱ ከተባለላቸው ፆታ የተለየ ማንነት ለሚሰማቸውና ኢንተርሴክስ ለሚባሉት) ደህንነት ምን ሊያደርግ ይችላል? የምናየው አየርላንድን ነው። እስከ 1993 ድረስ በወንዶች መካከል የሚደረግ የግብረ ሥጋ ግንኙነት እዚያም ወንጀል ነበር። በ2018 ግን ያቺው አገር ለእነዚህ ወጣቶች ብሔራዊ ስትራቴጂ አወጣች። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ወደ ስትራቴጂው ከመግባታችን በፊት ለገሃር ሄደን ታክሲ እንያዝ። ወደ ፒያሳ፣ በቸርችል ጎዳና፣ ሽቅብ። ሚኒባሷ የተሠራችው ለ12 ሰው ነው። ረዳቱ «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉልኝ!» እያለ 18 ሰው አስገባ። ፖስታ ቤት ጋ ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ራዲያተሩ ፈላ፣ ሁላችሁም ውረዱ ተባለ። አሁን ሹፌሩ ሞተሩን ቢሰድበው ምን ይፈይዳል? ከጎኗ የምትወጣው ሌላዋ ሚኒባስ ስሪቷ አንድ፣ ሞተሯ አንድ፣ የጫነችው ግን 12 ሰው ነው፤ ፒያሳ በሰላም ትገባለች። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ያፈላው ጭነቱ ነው። ጭነቱ!

የእነዚህ ወጣቶች ጭነት ምንድን ነው? ትምህርት ቤት ስድብ። ቤት ውስጥ «ቢያውቁብኝ ያባርሩኛል» የሚል ስጋት። እያንዳንዱን ቃል መዝኖ መናገር፣ በየቀኑ። ባለሙያዎች የአናሳነት ጫና ይሉታል። ድባቴና ራስን የማጥፋት ሙከራ በእነሱ ላይ በርክቶ የሚታየው በዚህ ነው።

ወደ ስትራቴጂው። ከ2018 እስከ 2020 የታቀደ ሲሆን ዓላማዎቹ 3 ነበሩ፦ ወጣቶቹ ያለ ፍርሃት የሚኖሩበትን አካባቢ መፍጠር፣ የአእምሮ፣ የአካልና የወሲባዊ ጤናን ማሻሻል፣ ጥናትና መረጃ ማጠናከር። ከእሱ ቀድሞ በ2013 የወጣው የትምህርት ቤቶች መመሪያ ደግሞ በፆታዊ ዝንባሌ ምክንያት የሚደርስ ጥቃትን በስሙ ጠርቶ ከልክሏል። በስሙ መጥራቱ ለምን አስፈለገ? «ማንንም አትስደቡ» ብቻ ከተባለ መምህሩ «የልጆች ጨዋታ ነው» ብሎ ያልፈዋላ! ጥቃት መድረሱ ከተረጋገጠ በኋላ በ20 የትምህርት ቀናት ውስጥ በአግባቡ ካልተፈታ መምህሩ በቅጽ መዝግቦ ለርዕሰ መምህሩ ማስተላለፍ ነበረበት። እኔ የምወደው ይሄን ነው፤ ቀን ያልተቆረጠለት መመሪያ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

እስካሁን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ አድርጉና እንቀጥል።

ባለፈው ብዙዎቻችሁ «ይሄ በሽታ ነው፤ ከመደገፍ ማከም አይሻልም ወይ?» ብላችሁ ጽፋችኋል። ይሄን ዝም ብዬ አላልፈውም። የዓለም ጤና ድርጅት ተመሳሳይ ፆታ ማፍቀርን ከበሽታዎች ዝርዝር ያወጣው ግንቦት 9 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ ከዚያ ቀድሞ፣ በፈረንጆቹ 1973። በሽታ ካልሆነ መድኃኒቱ ለምኑ ነው? ዝንባሌን ለመለወጥ የሚደረግ «ሕክምና» ዝንባሌውን አይለውጥም፤ ድባቴን ግን ያባብሳል። 18 ሰው በጫነች ታክሲ ላይ 19ኛ ሰው መጨመር ማለት ነው። ኢንተርሴክስ የሚባሉት ደግሞ የፆታ አካላቸው ከተለመደው የወንድ ወይም የሴት አፈጣጠር ለየት ብሎ የተወለዱ ናቸው። አንዳንዶቹ ላይ በጨቅላነታቸው፣ ለጤናቸው ሳያስፈልግ፣ ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። ሳይጠየቁ!

እኛ ጋስ? የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል የሚደረግ የግብረ ሥጋ ግንኙነትን ይቀጣል፤ የአየርላንድን ዓይነት ፕሮግራም የለም። ጭንቀት ይዞት ጤና ጣቢያ የሚመጣ ወጣት ግን አለ። ጤና ባለሙያ ለሆናችሁ፦ በር ዝጉ፣ ብቻውን አነጋግሩት፣ ቤተሰብ ውጭ ይጠብቅ። የነገራችሁን ለቤተሰቡ አትንገሩ፤ ለሕክምናው የማያስፈልገውንም ካርዱ ላይ አትጻፉ፣ ምክንያቱም ካርድ ከእጅ እጅ ይዞራል። ከዚያ በቀጥታ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» በሉት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ አብዛኛውን ጊዜ እፎይታ ይሰጠዋል። «አዎ» ካለ «በምን? መቼ?» ብላችሁ ቀጥሉ። ዕቅድ ካለው ለደቂቃም ብቻውን አይሁን። መድኃኒትና የተባይ መርዝ ከአጠገቡ ይራቅ። አማኑኤል ሆስፒታል ሪፈር ስትጽፉ ወረቀቱን ይዞ ብቻውን እንዳይሄድ፤ እሱ ራሱ የሚያምነውን ሰው ይምረጥና አብሮት ይሂድ፣ በማግስቱም ደውሉለት።