በኪስ ተይዞ ተራራ ስለሚወጣው ክኒን፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዛሬ በስልክና በጽሑፍ የደረሱኝን ጥያቄዎች ሳገላብጥ ግማሾቹ የቆዩ ወዳጆቼ ሆነው አገኘኋቸው። አልሰለቸሁም፤ ሰው ተራራ ላይ እስከሮጠ ድረስ ስለ ጉልበቱ መጠየቁ አይቀርም። ወደ መልሶቹ ከመግባቴ በፊት ግን ሁልጊዜ የምለውን ልበልና ይውጣልኝ፦ በየት በኩል እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ሳትነግሩ ከቤት አትውጡ።

ጥያቄ፦ አስፋልት ላይ 10 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ አንድ ሰዓት ይበቃኛል። በተራራ መንገድ ያንኑ ርቀት ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። አቅሜ እየወረደ ነው?

መልስ፦ አቅምዎ ደኅና ነው፤ የተሳሳተው መለኪያዎ ነው። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀላል ስሌት አለ። ለእግረኛ በየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ይያዝለታል፤ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመርለታል። የእርስዎ መንገድ 600 ሜትር ዳገት ካለው እግረኛው ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል ማለት ነው። እርስዎ በሁለት ሰዓት ጨርሰውት አቅሜ ወረደ ይሉኛል! ተራራ ላይ ልምምድዎን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ይለኩ። አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ መሄድ በሚያስችል ፍጥነት ይሩጡ፤ ንግግርዎን ትንፋሽ ከቆራረጠው ፈጥነዋል። ስሌቱ ሌላም ጥቅም አለው። ቤት ለቀረው ሰው የሚነግሩትን የመመለሻ ሰዓት የሚያወጡት በእሱ ነው። ጭቃውንና ልቅ ድንጋዩን ስለማይቆጥር ግን ትንሽ ይጨምሩበት።

ጥያቄ፦ ሩጫ ብዬ ወጥቼ ዳገት ላይ መራመድ እንደ ሽንፈት ይቆጠራል?

መልስ፦ አይቆጠርም። ዳገቱ ቀጥ ሲል የዓለም ምርጦቹም እጃቸውን ጭናቸው ላይ ተደግፈው ይራመዳሉ።

ጥያቄ፦ ዳገቱን ያለ ችግር ወጣሁት። ከወረድኩ በኋላ ግን ለሦስት ቀን ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ምን ነካኝ?

መልስ፦ ቁልቁለቱ ነው የነካዎት። ሲወርዱ የፊት ጭንዎ ጡንቻ ፍሬን ይሆናል፤ እየተለጠጠ ክብደትዎን ይይዛል። ጡንቻ ይበልጥ የሚጎዳው ደግሞ እየተኮማተረ ሲጎትት ሳይሆን እየተለጠጠ ሲይዝ ነው። ሕመሙ በማግስቱ ይጀምርና በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ያይላል፤ ከዚያ ይለቃል። መድኃኒቱ ያው ቁልቁለት ነው፤ በትንሽ መጠን። አንድ ጊዜ በልኩ የቀመሰ ጡንቻ ትምህርቱን ለሳምንታት አይረሳም። በሳምንት አንድ ቀን አጭር ቁልቁለት ይምረጡ። እርምጃዎን አሳጥረው ያፍጥኑት፣ ወደ ኋላ አይንጋለሉ፣ ዐይንዎንም ከጫማዎ ጫፍ አንስተው ሦስት አራት ሜትር ወደ ፊት ይጣሉት። ሁለቱም ጭኖች እኩል ካመሙ አይጨነቁ። አንድ ጉልበት ብቻውን ካበጠ፣ ከተቆለፈ ወይም ከከዳዎት ግን ፊዚዮቴራፒስት ይየው። ክኒን ውጠው በማግስቱ ቁልቁለቱን እንዳይደግሙት ብቻ። ክኒን ካልኩ አይቀር ወደሚቀጥለው ልለፍ።

ጥያቄ፦ ከረጅም ሩጫ በፊት ጉልበቴ እንዳያስቸግረኝ አንድ አይቡፕሮፌን እውጣለሁ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሌላ እደግማለሁ። አብረውኝ የሚሮጡት ሁሉ እንዲሁ ያደርጋሉ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ መድኃኒት ስለሆነ ጉዳት የለውም፣ አይደል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ የሚያመጡልኝ ሰዎች ሁሉ «አይደል?» ብለው ነው የሚጨርሱት። አይደለም፣ ልጄ። ቁጭ በልና እንነጋገር።

ለሰዓታት ስትሮጥ ልብህ ደሙን በብዛት የሚልከው ሥራ ላይ ወዳሉት ጡንቻዎችና ሙቀት ወደሚያስወጣው ቆዳ ነው። የኩላሊት ድርሻ ያንሳል። በዚህ የጭንቅ ሰዓት ወደ ኩላሊት የሚገቡትን የደም ሥሮች ከፍተው የሚይዙ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና ዘመዶቻቸው ሕመም የሚያስታግሱት እነዚህኑ ንጥረ ነገሮች እንዳይመረቱ በመከልከል ነው። ክኒኑ ጉልበትህን ከኩላሊትህ ለይቶ አያውቅም፤ በሩን ከፍቶ የያዘውንም ዘበኛ አብሮ ያሰናብታል። ላቡ ደግሞ ሰውነትህን አድርቆታል። ቁልቁለቱ የጎዳው ጡንቻ ማዮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ወደ ደም እየለቀቀ ነው፤ እሱንም የሚያጣራው ያው ደም ያነሰው ኩላሊት ነው።

ሰውዬው ያጋንናል እንዳትለኝ፦ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጡ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን አይቡፕሮፌን፣ ለሌላው መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን ሰጠ። የኩላሊት ጉዳት ምልክት የታየው ከአይቡፕሮፌን ወሳጆቹ በግማሽ ያህሉ፣ ከሌሎቹ ደግሞ በሲሶ ያህሉ ላይ ነው። ልብ በል፤ ሩጫው ራሱ፣ ያለ ምንም ክኒን፣ ከሦስት ሰው አንዱን ነክቷል። አብዛኛው ሰው በቀናት ውስጥ ይድናል። የማይድነው አንዱ ግን ማን እንደሚሆን አስቀድሞ ጽፎ የሚሰጥ የለም።

ስለ ጨጓራና አንጀት መድማት ብዙ አልልም፤ የክኒኑ ማሸጊያ ራሱ ይነግርሃል። እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። ሕመም ወሬ ነጋሪ ነው፤ አንተ ወሬ ነጋሪውን አፉን ትሸብበዋለህ። አንድ ጎልማሳ ሯጭ የቅልጥሙን ሕመም ለሳምንታት በክኒን እያስተኛ ሲሮጥ ቆይቶ በሁለት ሰው ትከሻ ተደግፎ መጣልኝ። ሲጀምር አጥንቱ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ነበር፤ ዕረፍት ይበቃው ነበር። ሙሉ ስብራት ሆነ። ከደጋፊዎቹ አንዱ ክኒኑን ከኪሱ እያወጣ ያካፍለው የነበረው ጓደኛው ነው። በበጎ ልብ፣ እንደ ከረሜላ!

እንግዲህ ስማኝ። ለመሮጥ ክኒን የሚያስፈልግህ ቀን ሩጫ የሚያስፈልግህ ቀን አይደለም። ከሩጫ በኋላም ቢሆን በልተህ፣ ጠጥተህና እንደ ወትሮው ሸንተህ ሳታበቃ አትውሰደው። «ፓራሲታሞልስ?» ትለኛለህ፤ በልኩ ከተወሰደ ለኩላሊት ይራራል፣ ወሬ ነጋሪውን ግን እሱም ዝም ያሰኘዋል። በሐኪም የታዘዘላችሁን መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች እኔን ሰምታችሁ እንዳታቋርጡ፤ ያዘዘላችሁን ሐኪም ጠይቁ። ከረጅም ሩጫ በኋላ ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረበት ወይም ጨርሶ የቀረበት ሰው ደግሞ በዚያኑ ቀን ሆስፒታል ይሂድ። ነገ አይደለም፤ በዚያኑ ቀን።

ጥያቄ፦ ሳይጠማችሁ ጠጡ ስለሚባል በየ20 ደቂቃው ግማሽ ሊትር ውኃ እጠጣለሁ። ሆዴ ይነፋል፣ ራሴን ያመኛል። ልጨምር?

መልስ፦ በፍጹም! በሰዓት አንድ ሊትር ተኩል መሆኑን አስልተውታል? ለሰዓታት ከላብዎ በላይ ከጠጡ በደምዎ ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል፤ ሲብስ አንጎል ያብጣል፤ ሰውም ሞቶበታል። ክፋቱ ራስ ምታቱ፣ ማቅለሽለሹና መደናገሩ የውኃ ጥም ስለሚመስሉ ሌላ ጠርሙስ ያስከፍታሉ። ጣትዎ አብጦ ቀለበትዎ ከጠበበ፣ ከሩጫ ሲመለሱም ክብደትዎ ከጨመረ ውኃው እንደበዛ ይወቁ። ሲጠማዎት ይጠጡ፣ ሳይጠማዎት ይተዉት። ያ አይቡፕሮፌን የሚባለው ሰውዬ እዚህም አለበት፤ ኩላሊት ትርፉን ውኃ እንዳያስወጣ ያግዛል። ከሩጫ በኋላ ሰው ከተደናገረ ወይም ከተንቀጠቀጠ ውኃ አይስጡት፤ ሐኪም ዘንድ ያድርሱት።

ጥያቄ፦ ለሦስት ሰዓት ሩጫ ምን ያህል ስንቅ ልያዝ? ሁለተኛው ሰዓት ላይ ጉልበቴ ውኃ ይሆናል።

መልስ፦ ጡንቻና ጉበት ውስጥ የተጠራቀመው ስኳር ጠንከር ላለ ሩጫ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ቢያደርስ ነው። ስለዚህ ጉልበትዎ ውኃ የሚሆነው በቀጠሮው ነው። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይውሰዱ። አንድ መካከለኛ ሙዝ ወደ 27 ግራም ገደማ አለው፤ ሁለት ሙዝ በሰዓት ብለው ይጀምሩ። ሲርብዎት ሳይሆን ከመጀመሪያው 45 ደቂቃ በፊት ይጀምሩ፣ በትንሽ በትንሹም ይቁረሱት። ልማድ ያላቸው ሯጮች ግሉኮስና ፍሩክቶስ ቀላቅለው በሰዓት እስከ 90 ግራም ይደርሳሉ፤ ያ ግን አንጀትን ለሳምንታት ማለማመድ ይጠይቃል። ቀምሰውት የማያውቁትን ምግብ በውድድር ቀን መሞከር ደግሞ ከቁጥቋጦ ጀርባ መዋል ነው። ዝርዝሩን አልነግርዎትም።

ጥያቄ፦ ጫማ ስገዛ ምን ልይ?

መልስ፦ እግር ሲያብጥ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ይለኩ፤ ከረጅሙ ጣትዎ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ይረፍ። የጣት ጥፍርዎን ይቁረጡ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ሲባል ስለ ጫማ ክር የተነገረ ይመስለኛል፤ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቆመው ክሩን ያጥብቁ።

ጥያቄ፦ ብቻዬን መሄድ ደስ ይለኛል። ስልኬ ላይ ካርታ ስላለ ይበቃኛል?

መልስ፦ ብቻ መሄድ እኔም እወዳለሁ፤ የወፉን ድምፅ ማንም አያቋርጠኝም። ስልክ ግን አይበቃም። ብርድ ባትሪውን ይጨርሰዋል፣ ገደል ሥር ደግሞ ኔትወርክ የለም። የግንባር መብራት፣ ንፋስና ዝናብ የሚከላከል ልብስና ፊሽካ ይያዙ። በየ1,000 ሜትሩ ሽቅብ አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ በላብ የራሰ የጥጥ ልብስ ለብሶ እዚያ መቆም ቀልድ አይደለም። የተራራ የድረሱልኝ ምልክት በደቂቃ ስድስት ፊሽካ ነው፤ አንድ ደቂቃ ዝም ብለው ይድገሙት። ማን ይሰማኛል ካሉ፣ የሚሰማዎት በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ የነገሩት ሰው የላካቸው ፈላጊዎች ናቸው። አልነገሩም? እንግዲያው ፊሽካው ለወፎቹ ነው።

ጥያቄ፦ ከፍ ያለ ተራራ ላይ አድረን ራሴን አመመኝ። ማስታገሻ ስወስድ ስለተሻለኝ መውጣቴን ቀጠልኩ። ልክ ነበርኩ?

መልስ፦ ዕድለኛ ነበርክ። ከ2,500 ሜትር በላይ ላልለመደ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ ስማቸው የከፍታ ሕመም ነው። እዚህ ክኒኑን መዋጥህ አይደለም ጥፋቱ፤ ክኒኑ ያስተኛውን ምልክት «ድኛለሁ» ብለህ ይበልጥ መውጣትህ ነው። ምልክቱ እስኪለቅህ እዚያው ከፍታ ላይ ቆይ፤ ከባሰ ውረድ። ወደ ላይ ስትሄድም የምታድርበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አታሳድግ፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን እረፍ። ሰው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ይውረድ፤ ብቻውንም አትልቀቁት።

ጥያቄ፦ 52 ዓመቴ ነው። ዳገት ስወጣ ደረቴን ጨምድዶ ይይዘኛል፤ ሳርፍ ይተወኛል። ልምምዱን ቀስ በቀስ ባሳድገው ይለቀኝ ይሆን?

መልስ፦ ለእርስዎ የልምምድ ምክር የለኝም፣ ወንድሜ። ዳገቱን ዛሬ ያቁሙ፤ በዚህ ሳምንት የልብ ሐኪም ይይዎት። አሁን የነገሩኝን ቃል በቃል ይንገሩት፦ ስወጣ ይይዘኛል፣ ሳርፍ ይተወኛል። ቁጭ ብለው ሳለ ከያዘዎት ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። መኪናውንም ሌላ ሰው ይንዳልዎት።