ከግሸን የመጡት ሁለት ልጆች

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ወላጅ አልባ ልጆችን የሚደግፍ ማኅበር ስለመሠረቱት ስለ ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ላወራችሁ ነው። ልጆቻቸው «እዳዬ» ነው የሚሏቸው። እኔም እንደዚያው ልበላቸው።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በ1972 ዓ.ም. እዳዬ ወደ ግሸን ማርያም ሄዱ። ወሎን ያኔ ረሃብ ይዞታል። እዚያ በሞተች እናቷ አጠገብ ያለች ሕፃን አዩ። የያዙትን ዳቦና ጸበል ለተራበው አካፈሉ። ሕፃኗንና ሌላ አንድ ወላጅ አልባ ልጅ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ።

አብዛኛውን ጊዜ ሲተረክ እዚህ ላይ ያበቃል። ደግ ሴት፣ ምስኪን ልጅ፣ በቃ። እኔን ግን የሚይዘኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። አንድ ሁለት ልጅ አምጥቶ ማሳደግ ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። እኛም ቤት የዘመድ ልጅ ጠፍቶ አያውቅም። የእዳዬ ልጆች ግን በአንድ ዓመት ውስጥ 21 ሆኑ! ዘመድ አዝማድ «ምን ነካት?» አለ። ባለቤታቸውም ከእሳቸውና ከልጆቹ አንዱን እንዲመርጡ ጠየቋቸው። ልጆቹን መረጡ። ትዳራቸውንም ቤታቸውንም ትተው ወጡ።

እስቲ አስቡት። ደመወዝ ያላት፣ ትዳር ያላት፣ አዲስ አበባ ላይ ተደላድላ የምትኖር ሴት ናት። ማኅበሩ የተወለደው ከዚህ ነው። ገንዘብ ኖሮ፣ ቢሮ ተከፍቶ አይደለም።

ይህን ድፍረት ከየት አመጡት ስል ልጅነታቸው ትዝ ይለኛል። በ1928 ዓ.ም. በሰላሌ፣ ሸበል አቦ በምትባል መንደር ተወለዱ። አባታቸውን ያጡት በጣልያን ጦርነት ነው። አያቶቻቸው አሳደጓቸው። ገና በ10 ዓመታቸው ሳይጠየቁ ተዳሩ፤ እሳቸውም ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። እንግዲህ ያለ አባት ማደግን፣ ማንም ሳይጠይቅህ ሕይወትህ ሲወሰን ምን እንደሚመስል ያውቁታል። በእኔ እምነት ግሸን ላይ ያቺን ሕፃን ሲያዩ ራሳቸውንም አይተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። የአበበች ጎበና የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር በግቢው ያሳድጋቸው የነበሩ ልጆች 150 ያህል ነበሩ። በአጠቃላይ የደገፋቸው ልጆች ግን ከ12,000 በላይ ናቸው። ልዩነቱን አያችሁት? አብዛኛው ልጅ እርዳታ ያገኘው ግቢው ውስጥ ሳይገባ ነው። ማኅበሩ ትምህርት ላይ ሠራ፣ መኖሪያ አካባቢ አሻሻለ፣ ኤች አይ ቪን ለመከላከል ተንቀሳቀሰ፣ ሴቶች በራሳቸው እንዲቆሙ ደገፈ። ይህ «የልማት ሥራ» ሲባል ደረቅ ይመስላል። ለእኔ ግን ለግሸኗ ሕፃን የተሰጠ ትክክለኛው መልስ ይህ ነው። ያቺ ልጅ መጀመሪያ ያጣችው እናቷን ነው እኮ። እናት በራሷ ከቆመች ልጅ ማሳደጊያ አይገባም። እዳዬ 21 ልጆች ቤታቸው ከገቡ በኋላ ይህን ከማንም በላይ የተረዱት ይመስለኛል። ስማቸው አዲስ አበባ ውስጥ ለእናቶችና ሕፃናት ሆስፒታል መሰጠቱም ለዚህ ደስ ይለኛል። ቦታውን አግኝቷል።

በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ከቀረ ወዲህ ደግሞ ወላጅ ያጡ ልጆችን የማሳደጉ ሸክም የበለጠ የእኛው ሆኗል። እዳዬ ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና አረፉ፤ 85 ዓመታቸው ነበር።

እዳዬ ጋ ያደጋችሁ አድማጮች ካላችሁ ድምፃችሁን ቀድታችሁ ላኩልኝ። ስለ ግሸን ብዙ ተብሏል። እኔ መስማት የምፈልገው የአዘቦቱን ቀን ነው፦ ጠዋት ማን ይቀሰቅሳችሁ ነበር? የቤት ሥራ ሲከብዳችሁ ወደ ማን ትሄዱ ነበር? ስትጣሉስ ማን ነበር የሚያስታርቃችሁ?