ቁልፉ ማን ጋ ነው?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የቦርድ አመራሮች፣ ከወረዳው የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንደምን አደራችሁ።

እሑድ ጠዋት ነው። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የመጣችሁ አላችሁ። ከኮዬ ፈጬ ሁለት ታክሲ ይዛችሁ የመጣችሁም አላችሁ። ስለዚህ ቶሎ ወደ ጉዳዬ ልግባ። የጸሐፊነት ሪፖርቴ በወረቀት ደርሷችኋል፤ እሱን አላነብላችሁም። ዛሬ ቆሜ የምናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ማኅበራችን ኢሜይል። ነፃውን ትተን በማኅበሩ ስም የተመዘገበ፣ የሚከፈልበት ኢሜይል እናውጣ ልላችሁ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ስትተያዩ አየሁ። የእንጨት ዋጋ እንዲህ ሰማይ ነክቶ፣ መብራት እንዲህ እየሄደ እየመጣ፣ አሁን ኢሜይል ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። እስኪ ታገሱኝ።

ማኅበሩ ሲቋቋም መጀመሪያ ካደረግናቸው ነገሮች አንዱ ፖስታ ሳጥን መከራየት ነበር። የድሮዎቹ ታስታውሳላችሁ። እኛ አገር ፖስተኛ ቤት ድረስ ደብዳቤ ይዞ አይመጣም። ደብዳቤ የሚገባው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሄደህ ከፍተህ ትወስዳለህ። የሳጥኑን ኪራይ በየዓመቱ እንከፍል ነበር። በማን ስም? በማኅበሩ ስም። ቁልፉ ሁለት ነበር። አንዱ ሊቀመንበሩ ጋ፣ አንዱ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ፣ በቀይ ክር ታስሮ። ሊቀመንበር ሲቀየር ቁልፉ ርክክብ ላይ ይሰፍራል፤ ተፈርሞ ይተላለፋል። ጋሼ፣ "ቁልፍ ያለ ፊርማ አይሰጥም" ያሉት እርስዎ ራስዎ ነበሩ።

ታዲያ ኢሜይል ሲመጣ ያ ሁሉ ጥንቃቄ የት ሄደ?

ቢሮ የነበረውን ልጅ "እስኪ አንድ ኢሜይል ክፈትልን" አልነው። በአምስት ደቂቃ ከፈተው። በራሱ ስልክ ቁጥር፣ በራሱ ፓስወርድ፣ በነፃ። እኛም መረቅነው። አድራሻውን ቢዝነስ ካርድ ላይ አሳተምነው። በር ላይ ያለው ታፔላ ላይ አጻፍነው። በየፕሮፎርማው ግርጌ አስገባነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈላጊውም ሥራ ሰጪውም እዚያ ጻፈልን። ቁልፉ ግን አንድ ልጅ ኪስ ውስጥ ነበር።

ልጁ ውጭ አገር ዕድል አገኘና ሄደ። ደስ ብሎን ሸኘነው። የሒሳብ ሰነድ አስረከበ፣ የመጋዘን ቁልፍ አስረከበ፣ ማኅተም አስረከበ። ኢሜይሉን ማንም አልጠየቀውም። ለምን ብንል፣ ቢሮ ያለው ኮምፒዩተር ላይ ሁልጊዜ ክፍት ስለነበር የኛ መስሎን ነበር።

አሁን ባለፈው ጥር የሆነውን ልንገራችሁ። ግማሹን የምታውቁት ነው፤ ሙሉውን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ የግል ትምህርት ቤት 240 የተማሪ ዴስክ ሊያሠራ ፕሮፎርማ ጠይቆን ነበር። ብረቱም እንጨቱም የኛው ነው፤ ለብየዳም ለአናጺም ለቀቢም የሚበቃ ሥራ። ዋጋችን ጥሩ ነበር። ናሙናውን አይተው ወደውታል። "መልሱን በኢሜይል እናሳውቃለን" አሉን። በዚያው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ አልነሳ አለ። ወደ ሠሪ ወሰድነው፤ ፎርማት ተደርጎ መጣ። ከፈትኩት። ኢሜይሉ ፓስወርድ ጠየቀኝ። የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። በመጨረሻ "ኮድ በስልክዎ ልከናል" አለ። የማን ስልክ? የልጁ። የልጁ ሲም ደግሞ ካገር ከወጣ በኋላ ተዘግቶ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

ቁጥሩ ላይ ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች። ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል። "እህቴ፣ አሁን ስድስት አኃዝ ቁጥር በመልእክት ይገባልሽና እባክሽ አንብቢልኝ" አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ "እናንተ ሌቦች!" ብላ ዘጋችው። አልተቀየምኳትም። የማያውቁት ሰው ደውሎ ኮድ አንብቡልኝ ሲል መዝጋት ነው ደንቡ፤ እናንተም እንደ እሷ አድርጉ። እኔ ግን ስልኩን ይዤ እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። የገዛ ማኅበሬን ደብዳቤ ለማየት የሰው ቤት እያንኳኳሁ መሆኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ልጁን በዘመዶቹ በኩል ፈለግነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ተገኘ። እግዜር ይስጠው፣ አሮጌው ስልኩ ላይ ኢሜይሉ አሁንም ክፍት ነበርና እዚያው ሆኖ ቁጥሩን ቀየረልን። ገባሁ። የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ተቀምጧል። "መርጠናችኋል። በ3 ቀን ውስጥ አረጋግጡልን" ይላል። ከሥሩ ሌላ ደብዳቤ አለ። "መልስ ስላላገኘን ሥራውን ለሁለተኛው ተወዳዳሪ ሰጥተናል።"

በዚያ ሰሞን ስንት ሰው ያለ ሥራ እንደተቀመጠ እዚህ ያላችሁ ታውቃላችሁ። ልጁን ማንም እንዳይወቅስብኝ። ቁልፉን አውጥተን የሰጠነው እኛ ነን!

ስለዚህ "ነፃ እያለ ለምን እንከፍላለን" የሚለውን ንግግር ከዛሬ በኋላ መስማት አልፈልግም። እዚሁ ቱሉ ዲምቱ፣ በራችን ላይ ነው የክፍያው መንገድ የሚጀምረው። በቢሾፍቱ በኩል ነፃ መንገድ አለ። አይሱዙ ላይ ቁም ሣጥን ጭነን አዳማ ስንሄድ ግን የምንከፍለው ለምንድን ነው? በሰዓቱ ለመድረስ፣ መስታወቱም ሳይሰበር ለማድረስ ነው። ለቁም ሣጥን የከፈልነውን ለማኅበሩ ስም እንነፍጋለን?

ከሁሉ በፊት የምለምናችሁ ግን ድርጅት ስለመምረጥ አይደለም። የዶሜይን ስም ስለሚባለው ነው። በኢሜይል አድራሻ ውስጥ ከአት ምልክቱ በኋላ የሚመጣው ክፍል ማለት ነው። ያ ስም በማኅበሩ ስም የተመዘገበ ከሆነ፣ ደብዳቤ የሚያመላልስልንን ድርጅት ባልወደድነው ጊዜ እንቀይረዋለን፤ አድራሻችን አይነካም። ታፔላ አይፋቅም፤ ካርድ እንደገና አይታተምም። ከአት በኋላ ያለው የሌላ ድርጅት ስም ከሆነ ግን ተከራይ ነን፤ ያውም ውል የሌለው ተከራይ። ነጥብ ኮም የሚባለው በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር ገደማ ነው። ነጥብ ኢቲ የሚለውን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

እዚህም ላይ ወጥመድ አለ። ከመካከላችን አንዱ ለግል ሥራው ዌብሳይት አሠርተው ነበር። ሠሪው ዶሜይኑን በራሱ ስም አስመዘገበው። ሲጣሉ ስሙን ይዞ ቀረ። እሳቸው አሁን ሌላ ስም ይጠቀማሉ፤ የድሮ ደንበኞቻቸው ዛሬም በአሮጌው ይጽፋሉ። ስለዚህ ምዝገባው ላይ ባለቤት በሚለው ቦታ የማኅበሩ ስም መጻፉን በዓይናችን ማየት አለብን። እድሳቱም እንዳይረሳ ከንግድ ፈቃድ እድሳት ጋር አብሮ ይያዝ። ካልታደሰ ሌላ ሰው ሊገዛው ይችላል፤ የኛን ደብዳቤም እሱ ይቀበላል።

አሁን ወደ ዋጋው። የምንፈልገው አራት የኢሜይል ሳጥን ነው፤ ለሊቀመንበር፣ ለጽሕፈት ቤት፣ ለሽያጭ፣ ለሒሳብ። የሕንዱ የኢሜይል ድርጅት ዞሆ በዓመት ሲከፈል ለአንድ ሰው በወር 1 ዶላር ገደማ ነው። ነፃ ዓይነትም አለው፤ ነገር ግን ኮምፒዩተር ላይ ባለ የኢሜይል ፕሮግራም ደብዳቤ ማውረድ አይፈቅድም። ኢንተርኔት በሚጠፋበት ሰፈር የድሮ ደብዳቤ ኮምፒዩተሩ ላይ መኖሩ ለኛ ግድ ነው። ጉግልና ማይክሮሶፍት ለድርጅት የሚሸጡት ከዚህ በጣም ይወደዳል። ጥሩ ናቸው፤ ለኛ ግን ብዙ የማንጠቀምበት ነገር ይዘው ይመጣሉ። ፋስትሜይል የሚባል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የሚሠራ የአውስትራሊያ ድርጅት አለ፤ ሥራው ኢሜይል ነው፤ ዋጋው በመካከል ነው። ምስጢር ለሚያሳስበው ደግሞ የስዊዘርላንዱ ፕሮቶን አለ።

የኔ ሐሳብ ዞሆ ነው። 4 ሰው በ12 ወር 48 ዶላር፤ ዶሜይኑ ሲጨመር 60 ዶላር ገደማ። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ አሁን ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አውቃለሁ፣ ያማል። ቢሆንም የዓመቱ ክፍያ አንድ ቁም ሣጥን ሲታዘዝ ከምንቀበለው ቀብድ ያንሳል።

"ሰርቨር፣ ማለት የራሳችንን የደብዳቤ መቀበያ ኮምፒዩተር፣ ገዝተን እዚሁ እናስቀምጥ" ያላችሁ ወጣቶች፣ ሐሳባችሁን አከብራለሁ። ነገር ግን መብራት በሄደ ቁጥር ሳጥናችን ይዘጋል። ላኪው ለጥቂት ቀናት ደጋግሞ ይሞክራል፤ ከዚያ ደብዳቤው ወደ ላኪው ይመለሳል። ሳጥኑ ሌላ ቦታ ሲሆን ግን እኛ ጨለማ ውስጥ ሆነንም ደብዳቤው ይገባል፤ መብራት ሲመጣ እናነበዋለን።

ሌላም አለ። በራስ ዶሜይን ሲላክ ኤስፒኤፍ እና ዲኪም የሚባሉ፣ ደብዳቤው በእርግጥ ከኛ መላኩን የሚያሳዩ ማረጋገጫዎች በትክክል መሞላት አለባቸው። ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ጉግልና ያሁ በዚህ ላይ ጠንክረዋል። ካልተሞላ ፕሮፎርማችን ስፓም፣ ማለት ማንም የማያየው የአጠራጣሪ ደብዳቤ ማከማቻ ውስጥ ይገባል። የሚሠራልን ሰው ይህን ሳይጨርስ ቀሪ ክፍያ አይከፈለው።

አከፋፈሉን በተመለከተ፣ የብር ካርዳችን ውጭ አይሠራም። ውጭ ባለ ዘመድ ካርድ እንክፈል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አጥብቄ ተቃውሜዋለሁ። ትናንት በልጁ ስልክ፣ ዛሬ በዘመድ ካርድ? ካርዱ ጊዜው ባለፈ ቀን ሳጥናችን ይዘጋል። በብር ተቀብለው ደረሰኝ የሚሰጡ የአገር ውስጥ ወኪሎች አሉ። ትንሽ ይወደዳሉ። በወኪል እንክፈል፤ ግን ዶሜይኑም ዋናው የአስተዳዳሪ መግቢያም በኛ ስም ይሁን ብለን በውል ላይ እናጽፍ።

ለኮድ መቀበያ በማኅበሩ ስም አንድ ሲም አውጥተናል። የአስተዳዳሪው ፓስወርድ በፖስታ ታሽጎ፣ የሊቀመንበሩና የሒሳብ ሹሟ ፊርማ ላዩ ላይ አርፎበት መሳቢያው ውስጥ ይገባል። በቀይ ክር የታሰረው የሳጥን ቁልፍ ዛሬም እዚያው ነው፤ ከጎኑ ይቀመጣል። ከእንግዲህ ርክክብ ላይ ሁለቱም አብረው ይጻፋሉ።

ውሳኔው በአጀንዳ አራት ተይዟል። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡልኝ፤ ጋሼ ይቁጠሩልን።