አየሩ እንደ ውሃ መፍሰሱን ሲተው

[ምስል፦ ጥቁር ሰማይ። አንዲት ነጥብ ታልፋለች። ከነጥቧ ብርሃን ይፈነጥቅና ይሰፋል።]

ይህቺ ነጥብ ስፔስ ሸትል ናት፤ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ሰዎችን ወደ ጠፈር ታመላልስ የነበረች የአሜሪካ መንኮራኩር። ከመሬት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትበራለች። አሁን ትንንሽ ሞተሮቿን ለጥቂት ሰከንድ ለኮሰች። በሃዋይ፣ በማዊ ደሴት ሃሌያካላ ተራራ ላይ ያሉ ቴሌስኮፖች እንዲህ ያለውን ብርሃን ደጋግመው ተከታትለዋል።

የምታዩት የነበልባል ብርሃን ብቻ አይደለም። ጋዙ ከሞተሩ ርቆ ከቀዘቀዘ በኋላም ያበራል። እንዴት?

ሸትሏ በሰከንድ ወደ 7.7 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች። ከሞተሩ የሚወጣው ጋዝም በሰከንድ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይወረወራል። ወደ ፊት ከተተኮሰ ፍጥነቶቹ ተደምረው 11 ገደማ ይሆናሉ። እዚያ ከፍታ ላይ በብዛት ያለው ነጠላ የኦክስጅን አቶም ነው። ጋዙ ውስጥ ካለ የውሃ ሞለኪውል ጋር በዚህ ፍጥነት ሲላተም ሊሰብረው ይችላል። ከብርሃኑ ምንጮች አንዱ ይህ ግጭት ነው።

[ምስል፦ ሁለት ሳጥኖች። አንዱ በነጥብ የታጨቀ፣ ሌላው ባዶ ሊባል ትንሽ የቀረው።]

ይህን በኮምፒውተር እናስላው እንበል። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ አንድ ሞለኪውል ሳይጋጭ የሚሄደው 70 ናኖ ሜትር ያህል ነው፤ የፀጉር ውፍረት አንድ ሺኛ ገደማ። ስለዚህ አየሩን እንደ ወራጅ ውሃ ቆጥሮ ማስላት ይቻላል። 300 ኪሎ ሜትር ላይ ግን ከሌላው ሳይገናኝ ኪሎ ሜትሮችን ያቋርጣል። የወራጅ ቀመር እዚያ አይሠራም።

አውስትራሊያዊው ግሬም በርድ ያመጣው መላ ሁሌም ይገርመኛል። የመጀመሪያ ሥራው የታተመው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። የወራጁን ቀመር ትቶ ሞለኪውሎቹን ራሳቸውን ተከተለ። ሁሉንም አይደለም፤ አይቻልማ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለች አንዲት ቅንጣት እልፍ አእላፍ እውነተኛ ሞለኪውሎችን ትወክላለች። ቅንጣቶቹ መጀመሪያ ትንሽ ይራመዳሉ። ቦታው በትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሏልና፣ ከዚያ አንድ ክፍል ውስጥ የተገኙት ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ዕጣ ይወጣላቸዋል፦ ተጋጩ ወይስ ተላለፉ? ዕድሉን የሚወስነው የሚቀራረቡበት ፍጥነትና የአካላቸው ስፋት ነው። ከተጋጩ ደግሞ ውሃው ተሰበረ ወይስ ተረፈ? ሌላ ዕጣ። ከዚያ እንደገና መራመድ።

ችግሩ ሞተሩ አፍ ላይ ነው። እዚያ ጋዙ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ግጭቱ ስፍር ቁጥር የለውም። ስለዚህ ስሌቱ ለሁለት ይከፈላል። አፉ አካባቢ በወራጅ ቀመር ያሰሉና፣ ጋዙ ሳሳ ሲል ለቅንጣቶቹ ያስረክባሉ። ርክክቡን በጣም ካራቁት ቀመሩ የጋዙን ሙቀት ያሳስታል። በጣም ካስጠጉት ደግሞ ኮምፒውተሩ ዕጣ ሲያወጣ እዚያው አፉ ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል።