የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ «ባዶ ነው» አትበሉኝ

የዛሬው ጥያቄ ሁሉ ስለ ጥንቶቹ ባለማንሻ ጠመንጃዎች ነው። ቀኖቹም ዓመቶቹም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባለማንሻ የሚባለው የቱ ነው? (ከአዳማ)

በካውቦይ ፊልም ሰውየው ከቃታው ሥር ያለውን ቀለበት ገፍቶ ሲመልስ አይተሃል አይደል? እሱ ነው። ሲገፋ ቀለሁ ይወጣል፣ ሲመለስ አዲስ ጥይት ይጎርሳል።

የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ለውጦታል ይባላል። እውነት ነው? (ከሐዋሳ)

በከፊል። ሄንሪና ስፔንሰር የሚባሉት ባለማንሻዎች ሁለቱም የ1860 ልጆች ናቸው። ሄንሪ በአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ 16 ጥይት ይይዛል፤ ስፔንሰር ደግሞ ሰደፉ ውስጥ 7። ያኔ አብዛኛው ወታደር በአፈሙዝ እየጠቀጠቀ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ከተኮሰ ጎበዝ ነው። በሰኔ 1863 ቴነሲ ውስጥ ሁቨርስ ጋፕ ላይ የሰሜኖቹ የዋይልደር ብርጌድ በስፔንሰር ሲያርከፈክፍ የደቡቦቹ ጦር ግራ ተጋባ። በነሐሴ ሊንከን ራሳቸው ስፔንሰርን ተኩሰው ሞከሩት። የጦር መሣሪያ ኃላፊው ጄኔራል ሪፕሊ ግን ነገሩን አልወደዱትም። ሰው ይስቅባቸዋል፤ እኔ አልስቅም። በፍጥነት ሲተኮስ ጥይቱስ? ማን ይሸከመዋል? ይህን ጥያቄ ሁሌም ጠይቁ።

ካስተርን የገደለው ዊንቸስተር ነው? (ከአዲስ አበባ)

ብቻውን አይደለም። አሜሪካዊው የጦር አዛዥ ካስተር በተገደለበት ቀን፣ ሰኔ 25 ቀን 1876፣ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ላኮታዎቹና ሸየኖቹ ሄንሪና የእሱ ተከታይ የሆነው ባለማንሻ ዊንቸስተር ነበራቸው፤ ቀስትም ነበራቸው። የካስተር ወታደሮች የያዙት አንድ ጎራሽ፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በእጅ የሚጎርስ፣ ስፕሪንግፊልድ ነው። ዋናው ግን የሰው ብዛት ነው።

ፕሌቭናስ? (ከጅዳ)

ጥሩ ጥያቄ። በ1877 ቡልጋሪያ ውስጥ የቱርኩ ጄኔራል ኦስማን ፓሻ ፕሌቭና ላይ ምሽግ ቆፍሮ ሩሲያውያንን አምስት ወር ያህል አቆማቸው። ዝናውን የወሰደው ዊንቸስተር ነው። ከሩቅ የጨረሳቸው ግን አንድ ጎራሹ ፒቦዲ ማርቲኒ ነው፤ ዊንቸስተሩ ጠላት ሲጠጋ ነው የሚወጣው። በመጨረሻ ምሽጉን ያስለቀቀው ረሃብ ነው። ጥይቱስ ያልኩት ለዚህ ነው፤ እንጀራውም ይቆጠራል።

ከአያቴ የወረስኩት ማንሻ ያለው ጠመንጃ ግድግዳ ላይ አለ። ባዶ ነው። ለወንድሜ ሰርግ ልተኩስበት? (ከደብረ ማርቆስ)

የኔ ልጅ፣ ተቀመጥ። በመጀመሪያ ማንሻ ስላለው ብቻ ደጋግሞ ተኳሽ አይሆንም። የእንግሊዙ ማርቲኒ ሄንሪም ማንሻ አለው፤ ግን አንድ ጎራሽ ነው። ስሙ ላይ ያለው ሄንሪም የስኮትላንዱ ሰው እንጂ አሜሪካዊው አይደለም። ሁለተኛ፣ «ባዶ ነው» አትበለኝ! አንድ ጎረቤቴ «አርባ ዓመት ባዶ ነው» እያለ አንዱን አመጣልኝ። አፈሙዙን ወደ ውጭ መልሼ ማንሻውን ስገፋ አረንጓዴ ሻጋታ የለበሰ ጥይት ወጥቶ ስኒዎቹ መሃል ወደቀ። ቡናው ቀረ፤ ማንም አልጠጣም። በቱቦ ካዝና ያለ ጥይት ከውጭ አይታይም። የጥንቱ ሄንሪ ደግሞ ጎርሶ መቺው ከተለቀቀ፣ መሬት ላይ ሲወድቅ ሊተኩስ ይችላል፤ መቆለፊያ የለውም። ሦስተኛ፣ የዛገ ብረት አዲስ ጥይት ሲጎርስ ፊትህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። አራተኛ፣ ወደ ሰማይ የተኮስከው ጥይት ይመለሳል፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሕዝብ ደግሞ ያንተው ዘመድ ነው። እልል በሉ፣ ጨፍሩ፣ ከፈለጋችሁ ፎክሩ። ጠመንጃው አይንቀሳቀስ። አንተም ሄደህ አታቀባብለው፤ ለፖሊስ ጣቢያ ደውል፣ የሚያውቅ ሰው መጥቶ ይፈትሸው።

አድዋ ላይ ባለማንሻ ነበር? (ከዋሽንግተን)

የአድዋን ስም የያዙት ወጀግራ፣ ሰናድርና ረሚንግተን ናቸው፤ ሦስቱም አንድ ጎራሽ። ወጀግራ የፈረንሳዩ «ፉዚል ግራ» በእኛ አፍ ነው።

የእኔ ባለማንሻ ስንት ያወጣል? (ስልኩ ተቋረጠ)

ዋጋ አልናገርም። ስለ ፈቃዱ ፖሊስ ጣቢያ ጠይቅ። ባዶም ነው አትበላቸው።