ማሪያኖ ሪቬራ፦ በ42 ዓመቱ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ የተመለሰው ክሎዘር

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ የምናወራው ስለ ማሪያኖ ሪቬራ ነው፣ የኒውዮርክ ያንኪስ የቤዝቦል ቡድን ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ስለነበረው፣ በተለይ ደግሞ ስለዛ ጉልበቱ። ኢኒንግ ምንድነው፣ አውት ምንድነው የሚለውን ባለፈው የቤዝቦል ቪዲዮ ላይ ስለጨረስነው በአጭሩ ብቻ፦ ኢኒንግ ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ ዙሮች አንዱ ነው፣ አውት ደግሞ ባተሩ፣ ማለትም መቺው፣ ሲወጣ ነው፣ ዝርዝሩን ያላያችሁት ቻናሉ ላይ አለላችሁ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም እግረ መንገዳችሁን ተጫኗት።

እሺ። በፈረንጆቹ ሜይ 3 ቀን 2012፣ ካንሳስ ሲቲ፣ ካውፍማን ስታዲየም። ጨዋታው ገና አልተጀመረም፣ የያንኪስ ተጫዋቾች የመምታት ልምምድ ላይ ናቸው። ሪቬራ ሜዳው ጥግ ቆሞ በአየር የሚመጣውን ኳስ እየሮጠ ይቀልባል። ይሄ የሱ ስራ አይደለም፣ የሱ ስራ መወርወር ነው፣ ግን ሰውየው መሮጥ ይወዳል፣ ፒቸር ባይሆን ኖሮ እዛ ሜዳው መሀል ከኋላ መጫወት ነበር ህልሙ። እና ጄይሰን ኒክስ የሚባለው የቡድኑ ልጅ አንዷን ይመታታል፣ ሪቬራ ወደ አጥሩ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ሳሩ አልቆ አፈሩ የሚጀምርበት ቦታ ላይ የቀኝ ጉልበቱ ክድት አለው። አጥሩ ስር ወደቀ። አሰልጣኙ ጆ ጂራርዲ ከሩቅ አይቶ እየሮጠ መጣ። ምስሉን ፈልጋችሁ እዩት፣ ጉልበቱን ይዞ ፊቱ ጭምድድ ብሎ፣ ከዛ በጋሪ ነው ያወጡት። ኤሲኤል የሚባለው የጉልበቱ ጅማት ተበጥሷል፣ ሚኒስከሱም (ጉልበት ውስጥ ያለው ትራስ) ተጎድቷል። ዕድሜ? 42። የማሊያው ቁጥር? እሱም 42።

ወደ ጉዳቱ እመለሳለሁ፣ መጀመሪያ ግን ሁሌ የምትጽፉልኝን ነገር ላንሳ፣ «አንድ ኢኒንግ ወርውሮ ለሚገባ ሰው ይሄ ሁሉ ጭብጨባ ምንድነው?» የሚለውን።

2014 የዓለም ዋንጫ ታስታውሳላችሁ አይደል? ሆላንድ ከኮስታሪካ፣ ሳልቫዶር ላይ፣ ሩብ ፍጻሜ። እኛ አገር ሌሊት ነበር፣ ዲኤስቲቪ ቤት ያመሻችሁ ታስታውሱታላችሁ። 120 ደቂቃ አለቀ፣ ዜሮ ለዜሮ፣ ፔናልቲ ሊመታ ነው። በዛች መጨረሻዋ ደቂቃ ላይ የሆላንዱ አሰልጣኝ ቫን ኻል ምን አደረገ? በረኛ ቀየረ! ሙሉውን ጨዋታ በሩን ሳያስደፍር የጠበቀውን ሲለሰንን አስወጥቶ ቲም ክሩልን አስገባ። ሲለሰን አልሰማም ነበር፣ ተናዶ የውሃ ጠርሙስ በእግሩ ጠልዟል። ክሩል ደግሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቤንች ላይ የተቀመጠ ሰው ነው፣ ሰውነቱ ቀዝቅዟል፣ ኳስ አልነካም፣ ገብቶ ወዲያው የአገር እጣ ፈንታ እጁ ላይ ወደቀ። አምስቱንም ኳስ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ወደቀ፣ ሁለቱን አዳነ፣ ሆላንድ አለፈች። ያን ቀን ክሩልን «አንተ እኮ የተጫወትከው አንድ ደቂቃ ነው» ያለው ሰው አለ? የለም! ሳያድን ቢቀር ደግሞ ጥፋቱ የማን ይሆን ነበር? የሱና የቫን ኻል፣ በቃ፣ ያ 120 ደቂቃ ይረሳል።

ክሎዘር ማለት እንደዛ ነው። ሌሎቹ ስምንት ኢኒንግ ለፍተው ያመጡትን ውጤት ተረክበህ ሦስት አውት ይዘህ ትወጣለህ፣ ይሄ ነው ሴቭ የሚባለው፣ ካበላሸህ የሁሉንም ልፋት ነው ያበላሸኸው። ክሩል ይሄን በዓለም ዋንጫ አንዴ አደረገው፣ እስከ ዛሬ እናወራለታለን። ሪቬራ በመደበኛው ውድድር ብቻ 652 ጊዜ አደረገው። 652! በ19 ሲዝን። በታሪክ እሱን የሚያክል የለም።

ታሪኩን ፈጠን ፈጠን ላድርገው። ፓናማ፣ ፖርቶ ካይሚቶ፣ የአሳ አጥማጅ ልጅ፣ ራሱም ጀልባ ላይ ሰርቷል። 1990 ያንኪስ በትንሽ ገንዘብ አስፈረመው። 1992 ክርኑን ኦፕራሲዮን ሆነ። በዛው ዓመት አዳዲሶቹ ቡድኖች፣ ኮሎራዶና ፍሎሪዳ፣ ከነባሮቹ ተጫዋች ሲመርጡ ያንኪስ ሪቬራን ከሚጠብቃቸው ልጆች ዝርዝር ውስጥ እንኳን አላስገባውም፣ ግን ማንም አልወሰደውም። 1997 ላይ ከራሚሮ ሜንዶዛ ጋር ኳስ እየተቀባበሉ ኳሱ በራሱ ጊዜ መታጠፍ ጀመረ። ከተር የሚባለው ኳሱ እሱ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይመጣና ባተሩ ጋ ሊደርስ ሲል ወደ ግራ ክትት ይላል፣ ግራኝ ባተር ከሆነ እጁ ስር ገብቶ ዱላውን ይሰብርበታል። በጠቅላላው አምስት ወርልድ ሲሪስ (የሊጉ ዋንጫ)፣ በፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ባለው የጥሎ ማለፍ ውድድር) 141 ኢኒንግ፣ ኢአርኤው (በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ የሚገባበት ነጥብ፣ ሲያንስ ነው ጥሩ) 0.70። አለቀ።

አሁን ወደ ጉልበቱ። እዚህ ጋ የሚመጣልኝ ጥያቄ ደግሞ «ፒቸር በእጁ ነው የሚወረውረው፣ ጉልበት ምን አገባው?» ነው። እንደውም ዲሲ አካባቢ ያለ አንድ ወንድማችን «እጁ ጤነኛ ከሆነ ምኑ ነው ጀግንነቱ» ብሎኛል። አይ ወንድሜ፣ ይሄንን እለፈው ብትለኝም አላልፈውም።

ካላመናችሁኝ ካልሲ ጠቅልላችሁ ኳስ አድርጉና ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ ወርውሩት። ከዛ ተነሱና በቀኝ እግራችሁ ገፍታችሁ ወደፊት እየረገጣችሁ ወርውሩት። አያችሁ? ኃይሉ የሚመጣው ከመሬት ነው። ቀኝ እግር መሬቱን ይገፋል፣ ግራው ያርፋል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ወገብ ይከተላል፣ ከዛ ትከሻ፣ ክርን፣ የእጅ አንጓ። እግር ካልገፋ የእግሩን ድርሻ እጅ ይሸከማል፣ እጅ ደግሞ አይችለውም። ሪቬራ ቀኝ ነው፣ የተበጠሰው የቀኝ ጉልበቱ ነው፣ ማለትም የሚገፋበት እግር ነው የሄደው። በዛ ላይ አንዱ ባተር ኳሷን ነካ አድርጎ ፊቱ ላይ ቢጥልለት ጎንበስ ብሎ ሮጦ ማንሳት አለበት። በ43 ዓመት፣ በተሰራ ጉልበት!

ደግሞ ልብ በሉ፣ ሰውየው ማቆም ይችል ነበር። ከጉዳቱ በፊትም 2012 የመጨረሻው ሊሆን እንደሚችል ፍንጭ ሰጥቶ ነበር፣ የሴቭ ሪከርዱን ከትሬቨር ሆፍማን የወሰደው በ2011 ነው፣ የቀረው ነገር የለም። በማግስቱ ግን ጋዜጠኞቹን ሰብስቦ እመለሳለሁ፣ በትልልቅ ፊደል ጻፉት አላቸው፣ እንዲህ ሆኜ አልወርድም አለ። እኔ ከ652ቱም በላይ ይቺን ነው የምወድለት። ከዛ ባቱ ላይ የደም መርጋት ተገኘበትና ኦፕራሲዮኑ ዘገየ፣ ከዛ ኦፕራሲዮን፣ ከዛ ሪሃብ፣ ያ አሰልቺ ሪሃብ፣ ጉልበት ማጠፍ፣ መዘርጋት፣ እንደገና ማጠፍ። ዓመቱ እንዲሁ አለቀ።

2013 ኤፕሪል ላይ ተመለሰ፣ የመጀመሪያዋን ሴቭ በቦስተን ላይ ያዘ። ሁሉም ነገር ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም፣ ኦገስት ላይ በተከታታይ ሦስት ሴቭ አበላሸ፣ በህይወቱ እንደዛ ሆኖ አያውቅም። ሰው «በቃ አለቀለት» ማለት ጀመረ። ሲዝኑን የጨረሰው በ64 ጨዋታ 44 ሴቭ፣ ኢአርኤ 2.11 ነው። ይሄን ቁጥር የ25 ዓመት ልጅ ቢያመጣው ኮንትራት ይዘው ነው የሚሯሯጡለት።

ኦልስታሩ፣ ማለትም የሊጉ ኮከቦች ጨዋታ፣ ላይ በስምንተኛው ኢኒንግ ሲገባ የሁለቱም ቡድን ተጫዋቾች ሜዳውን ለቀውለት ብቻውን ቆሞ ተጨበጨበለት፣ ከዛ ሦስት ሰው፣ ሦስት አውት፣ ኤምቪፒም፣ ማለትም የጨዋታው ምርጥ ተጫዋች፣ ሆነ። የሚኒሶታ ቡድን ደግሞ ከተሰባበሩ ዱላዎች የተሰራ ተወዛዋዥ ወንበር ሸለሙት። እሱም በየከተማው ሲሰናበት ስታዲየሙ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሰሩትን ሰራተኞች እየጠየቀ ቁጭ ብሎ ያወራቸው ነበር። በ2019 ለሆል ኦፍ ፌም (የቤዝቦል ታላላቆች የሚገቡበት የክብር መዝገብ) 425 ሰው ድምጽ ሰጠ፣ 425ቱም እሱን መረጡ፣ ከሱ በፊት ለማንም ሆኖ አያውቅም።

ቅድም ክርኑን ኦፕራሲዮን ሆነ ብያችሁ አለፍኩ አይደል? ያን ኦፕራሲዮን የሰራለት ዶክተር ፍራንክ ጆብ ነው፣ በ1974 የፒቸሩን የቶሚ ጆንን ክርን በአዲስ ጅማት የሰራው ሐኪም። ቀጣዩ ቪዲዮ ስለሱ ነው፣ ደወሏን ተጫኑና እንገናኝ።