በጎቹን እዩ

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ የድሬ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ውሻ እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ ደስ ብሎኛል። ከተማችን ውስጥ የውሻ ወሬ የሚነሳው ሰው ሲነክስ ወይም ሌሊት ጮሆ እንቅልፍ ሲነሳን ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ሥራ ካላቸው ውሾች ጋር ነው። መጀመሪያ እዚሁ፣ ከድሬ ወጣ ብሎ የአያቴን ፍየሎች ስጠብቅ። ከዚያ ዌልስ ውስጥ በበግ እርባታ ተቀጥሬ። ኋላም የእረኛ ውሾች ውድድር ዳኛ ሆኜ።

ውድድሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ብሪታንያ ውስጥ በመዝገብ የሚታወቀው የመጀመሪያው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1873 ባላ በምትባል የዌልስ ከተማ ተካሄደ። ያሸነፈው ስኮትላንዳዊ ነው፤ የውሻው ስም ትዊድ። ዛሬ ሜዳውን የሞሉት ቦርደር ኮሊ የሚባለው የእረኛ ውሻ ዝርያ ናቸው።

እረኛው አንድ ቦታ ይቆማል። በጎቹ ከፊቱ ርቀው ይለቀቃሉ፤ በትልልቆቹ ውድድሮች ርቀቱ 400 ሜትር ሊጠጋ ይችላል። ውሻው ሰፋ አድርጎ ዞሮ ከኋላቸው ይገባል። ያስነሳቸዋል፣ ቀጥ ባለ መስመር ወደ እረኛው ያመጣቸዋል። ከዚያ በተተከሉት በሮች መሃል ይነዳቸዋል፣ ለሁለት ይከፍላቸዋል፣ መጨረሻ ላይ ጉረኖ ያስገባቸዋል። እረኛው በሩቁ ያለው ድምፁና ፉጨቱ ብቻ ነው። በተለመደው አቆጣጠር ነጥቡ ከ100 ነው፤ ዞሮ ለመግባት 20፣ ለማስነሳት 10፣ ለማምጣት 20፣ ለመንዳት 30፣ ለመክፈልና ለጉረኖው 10፣ 10። ዳኛው ሙሉውን ሰጥቶ ይጀምርና ጥፋት ባየ ቁጥር ይቀንሳል።

ተመልካች ሁሉ ዓይኑን ውሻው ላይ ይተክላል። እውነትም ያምራል፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ሆዱ ሣር እየነካ ሲያደባ። እኔ ግን ለወጣት ዳኞች ሁሌም የምለው በጎቹን እዩ ነው። 10 ነጥብ ብቻ የተሰጠው ማስነሳት ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ውሻው ደርሶ ቆም ይላል። በጎቹ ቀና ይላሉ፣ ጆሯቸውን ያቆማሉ። ጥሩ ውሻ ከሆነ ያፋቸውን ሣር እያላመጡ ዞር ብለው መሄድ ይጀምራሉ። ካልሆነ በርግገው ይበተናሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አያምኑትም። ነጥቡ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። በየቀኑ የምትዋከብ በግ ሥጋ አትይዝም፤ እርጉዝ ከሆነችም ልትጨነግፍ ትችላለች።

እኛ ጋ ይህን ሥራ የሚሠራው እረኛው ራሱ ነው። አንድ የኢሳ ወይም የኦሮሞ ልጅ ራሰ ጥቁር በጎቹን ይዞ ደረቁን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሲሻገር አይታችሁታል? አቦ፣ ደግማችሁ እዩት! አይሮጥም። ከጎን ጠጋ ይላል፣ አንዴ ያፏጫል፣ መንጋው ይታጠፋል። እሱን ብዳኝ ከማስነሳቱ አንድ ነጥብ አልቀንስም።

የእኛ ውሻ ሥራው ሌላ ነው፤ ጥበቃ። ሌሊት ጉረኖው በር ላይ ይተኛል፣ ጅብ ሲሸተው ይነሳል። የእሱም ዳኛ መንጋው ነው። በጎቹ ሌሊቱን ተጋድመው ሲያመሰኩ ካደሩ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ይህን ውሻ ተራ ውሻ እያልን ማቃለላችን ያሳዝነኛል። ናሚቢያ ውስጥ አቦ ሸማኔን ለማዳን የሚሠራ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ለገበሬዎች ጠባቂ ውሾች ይሰጣል። ቡችላው ከጠቦትና ከግልገል ጋር ስለሚያድግ መንጋውን እንደ ቤተሰቡ ያያል። መንጋው ከተጠበቀለት ገበሬው አቦ ሸማኔ የሚገድልበት ምክንያት ይቀንሳል። በእስልምናም ለመንጋ፣ ለአደንና ለእርሻ የሚያገለግል ውሻ ማሳደር እንደሚፈቀድ ሼሆቻችን ያስተምራሉ።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ፤ የእብድ ውሻ በሽታ። ሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ክትባት ግን ይከላከለዋል፤ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ ስርጭቱ ይቋረጣል። የከተማ ውሻ ባለቤቱ ክሊኒክ ይወስደዋል። የእረኛውን ውሻ ማን ይወስደዋል? መጀመሪያ የሚነከሰውም ያ አሸዋውን የሚሻገረው ልጅ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። ይህን ለእረኛ ልጆች በኦሮምኛም በሶማሊኛም ንገሯቸው።

እናንተ የእንስሳት ሐኪሞችና ተማሪዎች፣ ውሻው ከተማ እስኪመጣ አትጠብቁ። ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ይዛችሁ፣ ፀሐይ ሳትበረታ መንጋው ውሃ የሚጠጣበት ቦታ ድረሱ። ውሻውን የሚይዝላችሁ ባለቤቱ ይሁን፤ እንግዳ እጅ ያስፈራዋል። ቀኑን ብቻ ንገሩኝ፣ አብሬያችሁ እመጣለሁ።

አመሰግናለሁ።